ኢዮቤልዩና የጠገበ ሰው ዕዳ

በኢዮቤልዩው በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ዛሬ በሰው ሁሉ አፍ የደስታና የድግስ ስም ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን አምሳ ዓመት በሞላት ጊዜ ካህናቱ በአዲስ ልብስ ያሸበሽባሉ፤ ጠላው ይጠመቃል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ በሬው ይታረዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ደስታን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ቃሉ ከጥንት የድግስ ስም አልነበረም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፥ ኢዮቤልዩ የመመለስ ዓመት ነው። በችግሩ ጊዜ ርስቱን የሸጠ ሰው በአምሳኛው ዓመት ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ደህይቶ ራሱን የሸጠም ከነልጆቹ ነጻ ይወጣል። ከዚህም ጋራ፥ ወንድሙ የደኸየበት ሰው አራጣ እንዳይበላበት፥ እህሉንም በትርፍ እንዳያበድረው ታዟል። ስለዚህ ቀንደ መለከቱ ሲነፋ ያጣው ሰው በደስታ ይሰማዋል፤ ያገኘው ሰው ግን የመክፈያው ቀን መድረሱን ያውቅበታል።

በዚህ ሕግ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሕጉ ርስቱን የገዛውን ሰው ሌባ አይለውም። ገዢው ዋጋውን ከፍሏል፤ ውሉንም በምስክር ፊት አድርጓል፤ ዳኛ ፊት ቢቆም የሚረታው የለም። ይሁን እንጂ የገዛው ነገር ለዘለዓለም የርሱ እንዲሆን አልተፈቀደለትም፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ሻጩ የሸጠው ወድዶ ሳይሆን ተርቦ ነውና። በሰላምና በጥጋብ የሚኖር ሰው ማንንም ሳይቀማና ማንንም ሳያታልል ባለዕዳ ሊሆን እንደሚችል ኦሪት ያን ጊዜ ዐውቃለች። የዚህም ንግግር ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የደምበጫ አገር ለዚህ ነገር ቅርብ ምሳሌ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣ፥ ወዲያ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ጎረቤት አድርጋ፥ ጤፉን፥ በቆሎውን፥ ስንዴውንና በርበሬውን ወደ ገበያ ስትልክ ኖራለች። ጎጃም የእህል አገር ነው የሚለው ስም ከሩቅ የተሰማ ወሬ ሳይሆን በየጎተራው የታየ ነገር ነው። ሕዝቡም ያገኘውን ብቻውን የሚበላ ሕዝብ አይደለም። በዋሸራና በሌሎችም የጎጃም ቅኔ ቤቶች ሊማር ከጎንደር፥ ከወሎ፥ ከሸዋና ከትግራይ የመጣው ተማሪ ይህን ያህል ዘመን የኖረው በገበሬው እንጀራ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ውሻውን በዱላው እየመከተ ከደጅ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ባለ ጊዜ፥ የቤቲቱ እመቤት ከየት አገር እንደ መጣ ሳትጠይቅ ቁራሽዋን ታወጣለታለች። ዛሬ በታላላቅ አድባራት የሚያገለግሉ ብዙ ሊቃውንት በዚህች ቁራሽ ያደጉ ናቸው።

ይህ ልማድ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ተማሪው ከደጅ መጥቶ ይቆማል፤ ድምፁም ይሰማል። ድምፁ ለማይሰማው፥ ከደጅም ለማይደርሰው ችግረኛ የሚሰጠው ማን ነው? በወንጌል የተነገረውም ባለጸጋ አልዓዛርን ደበደበው ወይም ገንዘቡን ቀማው አልተባለም። በደጁ ወድቆ ሳለ በየቀኑ እየወጣና እየገባ አላየውም፤ ጥፋቱ ይህ ብቻ ነው። ጥጋብ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋበት ነገር እጁ ወይም ልቡ አይደለም፤ ዓይኑ ነው።

ምናልባት፥ የጎጃም ሰው ጥጋቡን ከአባቱ የወረሰው ገንዘቡ ነውና ስለርሱ ለማንም መልስ መስጠት አይገባውም የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የክፉ ቀንን ታሪክ ከሽማግሌ ሳይሰማ ያደገ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሣር ውኃ ከደርቡሾች ጋራ ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በ1881 ዓ.ም. ንጉሡ ዐምፀዋልና ዐፄ ዮሐንስ ጎጃምን ወረሩ፤ አገሩም ተዘረፈ። በዚያው ላይ፥ ኢጣልያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ የገባው የከብት በሽታ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ፈጀ ይባላል። የጎጃም አፈር ያን ጊዜም ይኸው አፈር ነበረ፤ የሚያርሰው በሬ ግን አልነበረም። ብዙ ሰው ለም መሬቱን እያየ ሞተ። ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩት፥ በሬ የሌለው ሕዝብ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማሳየት ነበረ። እንግዲህ ጥጋብ ከአባት የተወረሰ ከሆነ፥ ረኃብም ከአያት የተወረሰ ነው።

ሰላሙም እንደ ጥጋቡ ነው። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ነጋሽ በዛብህ፥ እነ በላይ ዘለቀ በጎጃም ዱር ገብተው ሲዋጉ ስንቁን ያቀበለው ገበሬው ነበረ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ያልተነገረው ግን የሚከተለው ነው። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገውን ብዙ የኢጣልያ ጦር በደምበጫ አጠገብ ገጥሞ የተዋጋው 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበረ። ቁጥሩ ከጠላት እጅግ ያነሰ ነበረና ብዙ ሰው ወደቀበት። ይህ ሻለቃ የተመለመለው በኬንያ ተሰደው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ነበረ። አገራቸውን ለቀው፥ በሰው አገር ሠፈር ውስጥ በሰው እህል ሲኖሩ የነበሩ ሰዎች ተመልሰው ደማቸውን ያፈሰሱት ለደምበጫ ሰላም ነው። ዛሬ ስደተኛ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር የዚህ አገር ሰው ቢኖር፥ ከደጁ አጠገብ ባለው መስክ የወደቁት እነማን እንደ ነበሩ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ 1965ና 1966 ዓ.ም. እንለፍ፤ ነገሩ በዚህ ዘመን ከሁሉ ይልቅ ይገለጣልና።

በእነዚያ ዓመታት በወሎና በትግራይ ረኃብ ሆነ። የሞተውን ሰው ቁጥር የገመቱት ሊቃውንት አይስማሙም፤ ከ40,000 የሚጀምር አለ፥ እስከ 200,000 የሚያደርሰውም አለ። መንግሥት ወሬውን ሸሸገ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሰው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም ለዓለም ታየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፥ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋራ ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አሳየው። የፖለቲካውን ነገር ለታሪክ ጸሐፊዎች መተው ይሻላል፤ ለዚህ ጉባኤ የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ፥ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት፥ ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን ረኃብ መርምረው ነበረ። ያገኙት ነገር ሰሚን ያስደነግጣል። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ በጠቅላላው የነበረው እህል ከወትሮው ብዙ አልጎደለም። በደሴ ገበያም የእህሉ ዋጋ ሰው እንደሚያስበው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ሄዷል። ታዲያ ሰዉ ስለ ምን ሞተ ቢሉ፥ እህሉ ሳለ የሚገዛበት አልነበረውም። የራሱ እርሻ ደርቋል፤ ከብቱን ወደ ገበያ ቢነዳው የከብት ዋጋ ወድቋል፤ ሁሉ ሻጭ፥ ጥቂት ብቻ ገዢ ሆኗልና። የአፋር ከብት አርቢዎች ደግሞ በበጋ የሚያሰማሩበት የአዋሽ ዳር መሬት አስቀድሞ ለጥጥና ለሌላ ሰፊ እርሻ ተወስዶባቸው ነበር። እንግዲህ በሩቅ አገር በሰላም ተቀምጦ፥ ከአዋሽ ጥጥ የተሠራ ልብስ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ስለዚያ ረኃብ ምንም አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ከነገሩ ውጪ አልነበረም።

ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች፥ እንዲህ ያለው ነገር የመንግሥትና የትላልቅ ነጋዴዎች ኃጢአት ነው እንጂ የገጠር ምእመን ኃጢአት አይደለም ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። ግን የወሎው ነገር በትንሹ በየዓመቱ፥ በየአጥቢያው ይደረጋል። ረኃብ ሰውን በአንድ ቀን አይገድልም፤ ደረጃ አለው። ከሰኔ በኋላ፥ አዲሱ እህል ሳይደርስ፥ የችግረኛው ጎታ ባዶ ይሆናል። በመጀመሪያ ሁለት ጊዜ ይበላ የነበረው አንድ ጊዜ ይበላል። ቀጥሎ ዶሮዋን፥ በጉን ይሸጣል። ቀጥሎ በመኸር እጥፍ ሊከፍል እህል ይበደራል። ቀጥሎ በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል፤ አንዱን ከሸጠ ሁለተኛው ብቻውን አያርስምና እሱም ይከተላል። በመጨረሻ መሬቱን ለጥቂት ብር በኮንትራት ለሌላ ሰጥቶ፥ በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ይሆናል፤ ወይም ልጁን አስከትሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። በዚህ መንገድ በየደረጃው ከሻጩ ፊት አንድ ገዢ፥ ከተበዳሪው ፊት አንድ አበዳሪ ቆሟል። ያም ገዢ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ይጾማል፤ ይቀድሳል፤ የማኅበሩን ጽዋ በተራው ያወጣል።

ገዢው የሚለው አለው። እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል፤ የሰጠሁት ብርም ለልጆቹ እህል ይሆነዋል፤ ታዲያ ጠቀምሁት እንጂ ምን በደልሁት? ይላል። ይህ ክርክር ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ገዢ ባይገኝ ለዚያ ቤት የባሰ ይሆን ነበር። ዳሩ ግን በጥቅምት ቢሆን ይህን በሬ በዚህ ዋጋ ማን ይሰጠው ነበር? በጥቅምት ዋጋና በሐምሌ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከበሬው ሥጋ ወይም ከጉልበቱ የመጣ አይደለም፤ በሬው ያው በሬ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሻጩ ልጆች ረኃብ ነው። ገዢው ያተረፈው ያንን ነው። ኦሪት በአምሳኛው ዓመት መልስ የምትለውም ይህንኑ ነው።

እንዲህ ከሆነ ምን ይደረግ የሚል ቢኖር፥ ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ለሚያደርገው ሰው እንኳ ብዙ አይጎድለውም። በሐምሌ የጎረቤቱን በሬ የሚገዛ ሰው የጥቅምትን ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ወይም ገንዘቡን ሰጥቶ በሬውን እስከ መኸር በባለቤቱ ቤት ሊተወው፥ ባለቤቱም አርሶ ዘርቶ በመኸር ገንዘቡን ሲመልስ በሬውን ሊያስቀርለት ይችላል። እህል የሚያበድር ሰው በሰጠበት ቁና ሊቀበል ይችላል። ይህን ያደረገ ሰው ቅዱስ አይባልም፤ መልካም ጎረቤት ይባላል። ከዚህ የሚያንሰው ግን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ኦሪትን የሚያነቡ ካህናት ያውቃሉ።

ከጥንቶቹ አባቶች የቂሣርያው ባስልዮስ በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ በአገራቸው ረኃብ በሆነ ጊዜ ጎተራቸውን ዘግተው ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቁትን ባለጸጎች በስብከት ገሥጸው ጎተራውን እንዲከፍቱ አደረጉ፤ ራሳቸውም ድኾችን ሰብስበው መገቡ። ዮሐንስ አፈወርቅም ካላቸው ላይ ለድኻ አለማካፈል ራሱ ቅሚያ ነው ብለው አስተምረዋል፤ ደግሞም ለቤተ ክርስቲያን የወርቅ ዕቃ እየሰጠ የታረዘውን ድኻ የሚያልፈውን ሰው ገሥጸዋል። ይህን በኢዮቤልዩ ቀን ማንሣት ለአንዳንድ ሰው ደስ ላይለው ይችላል። በአዲስ አበባና በአሜሪካ የሚኖሩ የአገሪቱ ልጆች ለሕንፃ ማሠሪያ፥ ለመጋረጃና ለጽንሐሕ ገንዘብ የሚልኩት በመልካም ልብ ነው፤ ዋጋቸውም አይጠፋም። ነገር ግን ከሩቅ ያለ ሰው የሚያየው ያሳዩትን ብቻ ነው። አዲስ የቆርቆሮ ክዳን በፎቶግራፍ ሲላክለት ያበራል፤ ክዳኑ የሚያፈስበት የመበለት ቤት ግን ፎቶግራፍ አይነሣም።

ስጦታም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ ሲደረግ ሌላውን ይጎዳል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ መንግሥት ወደ 600,000 የሚሆን ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አሠፈረ። ከዚህም ውስጥ ከ80,000 የሚበልጠው ያን ጊዜ የጎጃም ክፍል ወደ ነበረው ወደ መተከል መጣ። የተራበውን ሰው መሬት ወዳለበት መውሰድ ሲሰሙት በጎ ነገር ይመስላል። ግን ብዙዎቹ ሳይወዱ የተጫኑ ነበሩ፤ በበሽታም ብዙ ሰው አለቀ፤ የተሰጣቸውም መሬት ባዶ አልነበረም፥ ጉሙዞች የሚያርሱበትና የሚያድኑበት አገር ነበረ። የጠገበው ሰው ከራሱ ጎተራ ሳይቀንስ የሌላውን ድኻ መሬት ለሌላ ድኻ ሰጠ። የዚያ ነገር ቂም እስከ ዛሬ ድረስ አልበረደም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ሰው በተገደለ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሸሽተው ወደ ቻግኒ መጡ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ፥ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በወጣበት ወራት፥ የጦር መሣሪያ ድምፅ በምዕራብ ጎጃም ራሱ ተሰማ። ስለዚህ በደምበጫ ጉባኤ ቆሞ ሰላም አላችሁና ስለ ሰላማችሁ ተጠየቁ ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በአንድ አጥቢያ ውስጥ እንኳ የሁሉ ሰው ቀን እኩል አይጨልምም። መንገድ ተዘግቶ ገበያ ሲቀር፥ ጎታው ሙሉ የሆነው ይታገሣል፤ ለዕለት ጉርሱ ወደ ገበያ የሚወጣው ሸማኔ፥ የቀን ሠራተኛውና ጠላ ሻጭዋ ግን በሦስተኛው ቀን ይቸገራሉ። ጥጋብና ደኅንነት የሚለካው ከትናንት ጋራ ሳይሆን ከጎረቤት ጋራ ነው። ራሴም ተቸግሬያለሁ የሚል ሰው፥ ምናልባት እውነቱን ነው፤ ግን ከርሱ በታች ያለውን ሳያይ ይህን ከተናገረ ባለጸጋው በደጁ የወደቀውን ያለፈውን ያህል አልፏል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ወደ ካህናት ይመለሳል። በየደጁ የሚለምነውን ማንም ያየዋል። የሚያፍረውን ችግረኛ፥ ልብሱን አጥቦ ወደ ቅዳሴ የሚመጣውን፥ ምድጃው ከተዳፈነ ሁለት ቀን የሆነውን የሚያየው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የንስሐ አባቱ ነው። የንስሐ አባት ጸበል ሊረጭ፥ የታመመ ሊጠይቅ፥ ልጅ ሊመክር ወደ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ጎታውን ያየዋል፥ የልጆቹን ፊት ያየዋል። የበሬው መዘጊያ ጉረኖ ባዶ መሆኑንም ያየዋል፤ በሬውን ማን እንደ ገዛው ሳይቀር ይሰማል፥ ገዢውም ብዙ ጊዜ የርሱው የንስሐ ልጅ ነውና። ካህን የተናዘዙለትን ኃጢአት አይገልጥም፤ ያየውን ባዶ ጎታ ለሰበካ ጉባኤ እንዳይናገር ግን የከለከለው ሥርዓት የለም። ለገዢው የንስሐ ልጁም፥ የሐምሌውን በሬ ዋጋ እንደ ጾሙና እንደ ስግደቱ አድርጎ ሊጠይቀው ይችላል።

ለዚህ በዓል ከየቤቱ የመጣው እህል ለበዓሉ ከሚበቃው የተረፈ እንደሆነ፥ በሰበካ ጉባኤው ፊት ተሰፍሮ፥ ስንት ቁና እንደሆነ ተጽፎ፥ ቁልፉ በሁለት ሰዎች እጅ ሆኖ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሊቀመጥ ይችላል። የንስሐ አባቶችም ሰኔ ሳያልቅ፥ የችግረኛውን ስም በአደባባይ ሳይጠሩ፥ ስንት ቤት እንዳዩ ቁጥሩን ብቻ ለሊቀ መንበሩ ይነግሩታል። የሚሰጠው በማታ፥ በካህኑ እጅ ይሆናል፤ ከመኸር በኋላ የቻለ በዚያው ቁና ይመልሳል፥ ያልቻለም አይጠየቅም።